አሥራ ሁለተኛዋ ወረቀት

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ የነበርነውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ተቀምጠዋል። በበሩ ግራና ቀኝ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ቆመዋል። በጠረጴዛው ጫፍ ዓይነ ስውሩ ጋሽ ሻንቆ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ታቅፈዋል። በፊተኛው አግዳሚ ላይ ጎረቤቴ ዱካሌ፣ ከጎኗ ልጇ ሳሙኤል፣ ከሳሙኤል ጎን የእኔ ልጅ ማቴዎስ፣ ከዚያ እኔ። ከኋላችን ልጃቸው ለውትድርና የደረሰባቸው እናቶችና አባቶች አሉ። መጨረሻ ላይ፣ የኋለኛውን ግድግዳ ተደግፈው፣ ማንም ያልጠራቸው መምህር አስናቀ ቆመዋል።

መምህር አስናቀ በዚያ ቀን ከአዳራሹ የወጡት በሁለቱ ጠባቂዎች መሐል ሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ሞቱ ብሎ ያረዳኝ የለም፤ አሉ ብሎ ያጽናናኝም የለም። ለቅሶ ልቀመጥላቸው አልቻልኩም፣ ልረሳቸውም አልቻልኩም። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እጄን አፍታተው ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው።

ከወላይታ ወደ ሀዋሳ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነበር። እሱ ሲሞት በሐይቁ ዳር በዓሣ አጥማጆች ማህበር ዓሣ እያጸዳሁ ማቴዎስን ማሳደግ ያዝኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ቤት ማከራየት የተከለከለበት ዘመን ስለነበር ደባል የሚያስገባ ሁሉ «ዘመዴ ነው» ይላል። እኔም መምህር አስናቀን ሳስገባ «የባሌ አጎት ናቸው» አልኩ። የቀበሌው ጸሐፊ የሰሜን አማርኛቸውን ሰምቶ ሳቀ።

«አጎትየው ወላይትኛውን ረሱት እንዴ?»

«በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው ነው» አልኩ።

የአባታቸውን ስም አልጠየቅኳቸውም። ዘመዴ ናቸው ያልኳቸውን ሰው የአባት ስም ስጠይቅ ሰው ቢሰማኝስ ብዬ ፈራሁ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መጠየቁ አሳፈረኝ። አራት ዓመት አብረውን ኖሩ።

ያኔ ሃምሳ ዓመት ግድም ይሆናቸው ነበር። ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራሉ። የሹራባቸው ግራ ኪስ በጠመኔ ዱቄት የነጣ ነው፤ ቀኝ ኪሳቸው የበቆሎ ፍሬ አያጣም። ሲያስቡ አንዲት ፍሬ አውጥተው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ያሻሿታል። ሰው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ሲል ከሰሙ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቆይ፣ እንቁጠር» ይላሉ። አንድ ቀን «ዝናብ የሚጥለው እኔ ልብስ ሳጥብ ነው» አልኩ። አንድ ወር ሙሉ በክፍላቸው በር ላይ በጠመኔ ምልክት ሲያደርጉ ሰነበቱና ጠሩኝ።

«ያጠብሽው ዘጠኝ ቀን ነው። ከዘጠኙ የዘነበው ሦስት ቀን ነው። ሳታጥቢ የዘነበበትን ስምንት ቀን ግን አንቺ አልቆጠርሽውም፤ እሱ አላናደደሽማ።»

እኔ ግን በዚህም ተናደድኩ።

ከማቴዎስ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አርፎ አያውቅም። ማቴዎስ ከበር ሲወጣ እስኪታጠፍ አየዋለሁ፣ ካመሸ አጥር ላይ እቆማለሁ። ሰዎች ለማጽናናት መጥተው «ፈጣሪ ያለ ምክንያት አይነሳም» ይሉኝ ነበር። ደግ ንግግር ነው፤ እኔ ግን ሲሄዱ ቁጭ ብዬ ምክንያቱን በራሴ ላይ እፈልግ ነበር።

አንድ እሑድ ከቸርች ስመለስ መምህር ዝናብ ባጠቆረው ግቢያችን ላይ ነጭና ቀይ በቆሎ ደባልቀው በትነው፣ ዶሮዬን ለቀው፣ ቁጢጥ ብለው ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ምነው መምህር፣ እህል መሬት ላይ?»

«ለተማሪዎቼ ላሳይ ነው። እስቲ እይ፣ የቱን ታነሳለች?»

ነጩን ታነሳለች። በጥቁሩ መሬት ላይ ነጩ ከሩቅ ይታያል። ዶሮዋን አባረሩና የቀሩትን ፍሬዎች ለቀሙ። ለእያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ዓይነት አንድ አንድ «ልጅ» ጨምረው እንደገና በተኑ። ሦስተኛው ዙር ላይ ነጭ በቆሎ በጣት የሚቆጠር ሆነ።

«ዶሮዋ ቀይ በቆሎ ላብዛ ብላ አስባ ነው?»

«ኧረ እሷ ሆዷን ነው ያሰበችው።»

«ይኸው ነው። ማን ቀይ ማን ነጭ ሆኖ እንደሚወለድ ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ዓይን የለውም። ማን እንደሚተርፍ ግን ዕጣ ብቻውን አይወስንም፤ መሬቱም ዶሮዋም አሉበት። ይህ ዘመን ከዘመን ሲደጋገም ፍጥረት መልኩን ይለውጣል። ዝግመተ ለውጥ የምንለው ይህንን ነው።»

ከዚያ በጣሳ ውስጥ ቀይና ነጩን እኩል ደባልቀው «ዓይንሽን ጨፍነሽ አራት ፍሬ አውጪ» አሉኝ። ደጋግሜ አወጣሁ። አንዴ አራቱም ነጭ ሆኑ።

«በእጃችን ያለው ዘር ይህ ብቻ ነው እንበል። ከርሞ ቀይ በቆሎ የለም ማለት ነው።»

«ቀዩ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ዶሮም አልለቀመው፣ መሬትም አልጠላው። ብዙ ሲሆኑ ዕጣ ይለዝባል፤ ጥቂት ሲሆኑ ይበረታባቸዋል።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ልጆቼስ?» አልኳቸው።

በጣታቸው የያዟትን ፍሬ አስቀመጡ። «ልጆችሽ ምንም አላጠፉም። አንቺም ምንም አላጠፋሽም» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህንን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኩሽና ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ግን አብሮ የቀረብኝ ሌላ ቃል አለ፦ ጥቂት ሲሆኑ ዕጣ ይበረታባቸዋል። እኔ የቀረኝ አንድ ነው።

አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጡ በማህበሩ በኩል ያልፋሉ። አንዴ ቆሮሶ ሳጸዳ አፏን ስከፍተው እንቁላል ፈሰሰ። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ የምትይዝ ዓሣ እንደሆነች እኛ እናውቃለን፤ እንደዚህ ስትሆን ሆዷ ባዶ ነው።

«ማን አስተማራት?» አልኳቸው።

«ማንም። በጥንት ጊዜ አንዷ እንቁላሏን ለጥቂት ጊዜ በአፏ ያዘች እንበል። አጋጣሚ ነው። የእሷ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ተረፉ፣ የእናታቸውንም ጠባይ ወረሱ። ከልጆቿም አብልጣ የያዘችው አብልጣ አተረፈች።»

«በአፏ ከያዘቻቸው ሁሉም ይተርፋሉ ማለት ነው?»

«የለም። አንድ ቀን መትፋት አለባት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ዓሣ በሊው ወፍ የት እንደቆመ ነው።»

ቢላዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ዓሣ ዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት አይነገርም። እሳቸው ግን ያዩትን አለስልሶ መናገር አይችሉበትም ነበር።

ዱካሌ ከእሳቸው ጋር መከራከር ትወድ ነበር። የሲዳማ ልጅ ናት፤ አማርኛውን እንደ ልቧ ታደርገዋለች፣ አፏ ስለት ነው።

«መምህር፣ እኔን ዝንጀሮ ነው የወለደኝ የሚሉት?»

«አንቺንስ እናትሽ ናት። ስትቆጣ ሰምቻታለሁ።»

«ይሳቁ! ይኼ ዓይኔ በዕጣ ተሠራ? ቆርኪ ቢበትኑ ዓይን ይሆናል?»

«ቆይ፣ እንቁጠር» አሉና ከማቴዎስ አሥር ቆርኪ ተቀበሉ። «አሥሩም በጀርባቸው እስኪወድቁ ወርውሪ።» ዱካሌ እጇ እስኪዝል ወረወረች፤ አልሆነም። «አሁን ደግሞ በጀርባው የወደቀውን አትንኪው። የቀሩትን ብቻ አንስተሽ ወርውሪ።» በአምስተኛው ውርወራ አሥሩም በጀርባቸው ተኙ።

«ይኼማ ማጭበርበር ነው!»

«ተፈጥሮም የምታጭበረብረው እንደዚሁ ነው። ውርወራው ዕጣ ነው፤ የጠቀማትን ግን አትለቅም። ዓይን በአንድ ውርወራ ተሠራ ያለሽ ካለ እኔም አብሬሽ እስቅበታለሁ።»

ዱካሌ ቆርኪዎቹን ሰበሰበችና «እግዜር ነው የማይለቀው» አለች። እሳቸውም «እሱን እኔ መቁጠር አልችልም» ብለው ተነሱ።

ይህ ነገራቸው ቸርች ለሚሄደውም ለካድሬውም አልጣመም። አንድ ጊዜ በቀበሌው ውይይት ላይ ስለ ሰው አመጣጥ እንዲናገሩ ተጠሩ። ሊቀ መንበሩ ፍጥረት እንደ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ እንደሚወጣ፣ ኅብረተሰብም እንደዚያው እንደሆነ እንዲሉለት ጠብቆ ነበር። እሳቸው «ደረጃ አይደለም። ብዙ አጋጣሚ አለበት፤ እንደገና ቢጀመር ሌላ ሊሆን ይችል ነበር» አሉ። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «ጓድ መምህር፣ ታሪክ በሕግ ነው የሚሄደው። አጋጣሚ የሚባል ነገር የአድኃሪ ወሬ ነው» አለ። ማታውን «ዝም ቢሉ ምን አለበት?» ብዬ ለመንኳቸው። «ጠየቁኝ እኮ» ነበር መልሳቸው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርናው መጣ። ከቀበሌያችን ስድሳ ወጣት ተመዘገበ፤ በየዙሩ አሥር እንዲላክ ታዘዘ። ማንም አድሎ ነው እንዳይል በዕጣ ይሁን ተባለ። ሰው ዕጣን ያምናል፤ ቅርጫ ስንካፈልም በዕጣ ነው፣ ዕጣ የጣለውን መደብ ማንም አይቀይርም። ጸሐፊው ስም የጻፈባትን ወረቀት ለየቤተሰቡ በአዳራሹ በር ላይ ይሰጣል፤ ቤተሰቡ አይቶ፣ አጥፎ፣ በገዛ እጁ ጣሳው ውስጥ ይከታል። የሚያወጡት ደግሞ ዓይነ ስውሩ ጋሽ ሻንቆ ናቸው። የማያይ ሰው አያዳላም ብለን ሁላችንም ደስ አለን። ዓይን የሌለው ሰው በጣቱ እንደሚያይ ያሰበ አልነበረም። እኔ እንኳ፣ በጨለማ ዓሣ ስዳብስ የቱ ቅርፊቱ እንደተፋቀ የማውቀው፣ አላሰብኩም።

በመጀመሪያው ዙር አሥር ወጡ፤ ማቴዎስ ተረፈ። በሁለተኛውም አሥር ወጡ፤ ማቴዎስ ተረፈ። ከስድሳው ውስጥ አሥራ አንዱ የሊቀ መንበሩ፣ የጸሐፊውና የሹማምንቱ ልጆችና ዘመዶች ነበሩ። ከእነሱ አንድም አልወጣም።

መምህር ስድሳ የበቆሎ ፍሬ ቆጠሩ፤ አሥራ አንዱ ቀይ። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሥር አወጣለሁ፣ ከቀረው ሌላ አሥር አወጣለሁ፣ ማቴዎስ በደብተር ይመዘግባል። መቶ ጊዜ አደረግነው። ከመቶው ሁለቱም ዙር ያለ ቀይ ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

«በቃ፣ ተንኮል አለበት!» አለ ማቴዎስ።

«ቆይ። ከመቶ አንድ ጊዜ ማለት አይሆንም ማለት አይደለም፤ ይኸው በእጃችን ሆነ። ሰውን በዚህ አንከስም። ሦስተኛውን እንጠብቅ። ሦስተኛውም እንዲሁ ካለፈ ሺህ ጊዜ ብናወጣም አናገኘውም። ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

እኔ ፍሬዎቹን መሰብሰብ ያዝኩ። ከዚያ በፊት ያወቅኩት ነገር ነበር።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ አዳራሹን የመጥረግ ተራ የእኔ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። የጸሐፊው የእህት ልጅ ስም ነበረባት። የእኛ ወረቀት ከደብተር የተቀደደ ሻካራ ነው፤ ይህቺ ግን የካሌንደር ወረቀት፣ እንደ ዓሣ ሆድ የምትለሰልስ ነበረች። ቆሜ በጣቴ ዳበስኳት። የጋሽ ሻንቆ ጣቶች ትዝ አሉኝ። ወረቀቷን ቤት ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኳት።

ለመምህር ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ብነግራቸው ይናገራሉ። ከተናገሩ ተንኮሉ ይቀራል፤ ዕጣው የእውነት ዕጣ ይሆናል፣ ማቴዎስም ከሁሉ ጋር እኩል ጣሳው ውስጥ ይገባል። ተንኮሉ ካለ ግን ልጄን ከለስላሶቹ ጋር ልደብቀው እችላለሁ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው አላሳሰበኝም። በማህበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ካለው ያለፈ ዓመት ካሌንደር ከጀርባው ቁራጭ ቀድጄ፣ መምህር ባስተማሩኝ ጽሕፈት የማቴዎስን ስም ከነአባቱ ጻፍኩበት። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ጸሐፊው የሰጠኝን ሻካራ ወረቀት እጅጌዬ ውስጥ አስቀርቼ የራሴን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ዱካሌ «አይዞሽ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ የሳሙኤልን ወረቀት አጥፋ እሷም ከተተች።

ጋሽ ሻንቆ ዘጠኝ አወጡ። አሥረኛው ላይ እጃቸው ጣሳው ውስጥ ቆየ። ፊታቸውን ወደ ጣሳው አፍ ዘንበል አድርገው አንዷን እንደያዙ ቆዩና ለቀቋት፤ ሌላ አወጡ። ጸሐፊው ተቀብሎ አነበበ። ሳሙኤል ነበር።

ዱካሌ ጮኸች። ያን ጊዜ ከኋላ የመምህር አስናቀ ድምፅ ተሰማ።

«ቆይ፣ እንቁጠር።»

ወደ ፊት መጡ። ሲያስተምሩ እንደሚናገሩት ነበር የተናገሩት፣ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል። አሥራ አንድ ልጆች በሦስት ዙር አንድም አለመውጣታቸውን፣ ይህ በዕጣ ሊሆን እንደማይችል ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ሳቀ።

«በሰማይ ወፍና በባሕር ዓሣ ላይ የማንም እጅ የለም ብለህ የምታስተምር ሰውዬ፣ በእኛ ጣሳ ውስጥ እጅ አየህ?»

«እዚያ እጅ ሳያስፈልግ ተፈጥሮ ራሷ ትበቃለች፤ ጊዜው ረጅም ነው። እዚህ ግን ዕጣ ብቻውን አይበቃም። ቆጥሬዋለሁ።»

«ስማቸው የለም ነው የምትለው? ይኸው!» ብሎ ሊቀ መንበሩ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሠላሳ ወረቀት ነበር። «ፈልግ!»

መምህር አንዷን አንስተው እንደ በቆሎ ፍሬ በጣታቸው አሻሿት። ሌላዋን አነሱ። ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁ። ወረቀቶቹን ሻካራውን ወደ ግራ፣ ለስላሳውን ወደ ቀኝ መለየት ያዙ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኔ የማቴዎስን ክንድ ያዝኩ።

ከለስላሶቹ አንድ አንድ እያነሱ ጮክ ብለው አነበቡ። የሊቀ መንበሩ ልጅ። የጸሐፊው ወንድም። የጸሐፊው የእህት ልጅ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከኋላ ማጉረምረም ይነሳል፤ አንድ አባት ቆመ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሥራ አንድ ስም ተነበበ። ቀኝ በኩል አንዲት ወረቀት ቀረች። እሳቸው የጠበቁት አሥራ አንድ ነበር።

ከፈቷት። አላነበቡም። ጽሕፈቴን ያውቁታል። ቀና ብለው ፊተኛውን አግዳሚ አዩ፤ እኔን፣ ከዚያ ማቴዎስን፣ እንደገና እኔን። አልተቆጡም። በሩ ላይ ዝናብ ሲቆጥሩ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

«አንብባ! ምን አፈዘዘህ?» አለ ሊቀ መንበሩ፣ እጁን ዘርግቶ።

ወረቀቷን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ለአፍታ ቆዩ። ከዚያ ዋጡ።

ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ደግሞ የሚይዘውን አገኘ። «አያችሁ! ወረቀት የለወጠው ራሱ ነው! ንጹሕ ከሆነ ለምን ዋጠው?» ቆሞ የነበረው አባት ተቀመጠ። ማጉረምረሙ ውኃ እንደተደፋበት እሳት ጠፋ። ጠባቂዎቹ በግራና በቀኝ ያዟቸው። በአጠገባችን ሲያልፉ ሹራባቸው ተጎትቶ ኪሳቸው ተገለበጠና በቆሎው ወለሉ ላይ ተበተነ። ሰው ሁሉ ይረግጠው ጀመር።

እኔ አልተነሳሁም። «የእኔ ናት» አላልኩም። ማቴዎስን ክንዱን ይዤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ስንቅ ቋጥሬ ወደ እስር ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ መዝገብ ከፈተ።

«ምንሽ ናቸው?»

«የባሌ አጎት።»

«ስም?»

«አስናቀ።»

«የአባት?»

ስንቁን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«የአጎትሽን አባት ስም አታውቂም?» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። ስንቁን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሄድኩ። በሦስተኛው «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለኝ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቅኩ፤ «ተዛውረዋል ነው የሚባለው» አለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። በሚቀጥለው ወር ሌላ የባዮሎጂ መምህር መጣ።

ሳሙኤል በዚያው ሳምንት በመኪና ተጭኖ ሄደ። ከአምስት ወር በኋላ ማቴዎስም ከአውቶቡስ ተራ ታፈሰ። ያን ጊዜ ዕጣ አልነበረም፤ መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ ነው የተያዘው፣ እሱም የመጣው የአክስቱን ዕቃ ሊቀበል ነበር። ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ከሰሜን ተመለሰ፤ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹ የሉም። ዛሬ ሀዋሳ አጠገብ፣ ቱላ ውስጥ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ሳሙኤል አልተመለሰም።

ጋሽ ሻንቆ ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝ። ሌላ ሰው እንዲወጣ አደረጉና «የማቴዎስ እናት፣ በዚያን ቀን ከለስላሶቹ አንዷ ዓሣ ዓሣ ትሸት ነበር» አሉኝ። «እህል የምበላው በሊቀ መንበሩ እጅ ነበር። ለስላሳውን አትንካ አለኝ፣ አልነካሁም። ያቺን ግን ሳሸታት አወቅኩሽ። አንድ ልጅ እንዳለሽም አውቃለሁ። ለቀቅኳት።»

«እና ሌላዋን ሲያነሱ የማን እንደሆነች ያውቁ ነበር?»

«እሷን በምን ዓይኔ ልያት?»

ስንት ጊዜ አሰብኩት። መምህር አስናቀ ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ዕጣ ብቻውን ያደርገው እንደሆነ ጠይቁ፣ እጅ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ልጆቼ በኩፍኝ ሲሞቱ እጅ አልነበረም፤ ይህንን ከእሳቸው ተምሬ እፎይ ብያለሁ። ማቴዎስ አውቶቡስ ተራ ሲያዝ እዚያ መገኘቱ አጋጣሚ ነበር። በሳሙኤል ላይ ግን እጅ ነበረበት። ከእጆቹ አንዱ የእኔ ነው። ወረቀቴን ባልከት ኖሮ፣ ወይም ያወቅኩትን ለመምህር ብነግራቸው ኖሮ፣ በዚያን ቀን አፋቸውን የሚዘጋ ነገር አይኖርም ነበር።

ዱካሌ እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ዓመት ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፣ እንደዚያ ያለች ተናጋሪ ሴት። ከዚያ «የሳሙኤል ወረቀት ሻካራ ነበረች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ያጠፍኳት» አለችና ተነስታ ሄደች።

ሁለት ወር ደጄን አልረገጠችም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥታ ሳትገባ በር ላይ ቆመች።

«ሰውየው ያቺን ወረቀት ቢያነቧት ኖሮ ልጄ ይቀርልኝ ነበር?»

«አላውቅም፣ ዱካሌ።»

«እኔም አላውቅም።» ነጠላዋን አጣፋች። «ይቅር አላልኩሽም። ቢሆንም ያንን ሰው ፈልጊያቸው። እኔ ሳሙኤልን ስፈልግ ነው ያረጀሁት፤ አንቺ ያንቺን አንድም ቀን በአደባባይ አልፈለግሽም።»

እውነቷን ነው። ስለዚህ ይኸው በአደባባይ እፈልጋለሁ።

መምህር አስናቀ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። ቀጭን ናቸው፣ የሰሜን ሰው ናቸው፣ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ፣ «ቆይ፣ እንቁጠር» ማለት ያበዛሉ። አብሯቸው የታሰረ፣ ከእሳቸው የተማረ፣ ዘመዳቸው የሆነ፣ ወይም የት እንደተወሰዱ የሰማ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በሕይወት ካሉ ያሉበትን፣ ከሌሉ የተቀበሩበትን። ይህንን የሚያውቅ ከሌለም የአባታቸውን ስም ብቻ የሚያውቅ ይንገረኝ።